መጽሐፍ ቅዱስን በፊልሞና ጀምሩ

ይድረስ በጉቴ፣ በነቀምቴና በዙሪያው ባሉ የወለጋ ከተሞች መጽሐፍ ቅዱስን ማንበብ ለምትጀምሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንዲሁም ለምታስተምሯቸው ሁሉ፤



ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ላንብብ ብለው ቆርጠው የተነሡ ብዙ ሰዎች ገና ሳይጠግቡት ይተዉታል። ፍላጎት አጥተው አይመስለኝም፤ ቃላቱ ይበዙባቸዋል። ከዘፍጥረት ተነሥተው በጉጉት ይጓዛሉ፤ ዘሌዋውያን ላይ ሲደርሱ ስለ መሥዋዕቱ፣ ስለ ቍርባኑ፣ ስለ ንጹሑና ስለ ርኩሱ የተጻፈው ሁሉ እንግዳ ይሆንባቸዋል። በሰው ፊት መጠየቅ ያፍራሉ። ሌላው ሁሉ የገባው ይመስላቸዋል። ከዚያ መጽሐፉ ይከደንና ቦታው መደርደሪያ ይሆናል።

አፋችሁን በአማርኛ ላልፈታችሁ ደግሞ እፍረቱ እጥፍ ነው። ነገር ግን ይህን እወቁልኝ፤ ጽድቅ፣ ኵነኔ፣ ስርየት፣ ቤዛ የሚሉት ቃላት ከግእዝ የመጡ ናቸው። ጎጃም ወይም ሸዋ ተወልዶ በአማርኛ ያደገውም ሰው ካልተማራቸው አያውቃቸውም። ስለዚህ ሁላችንም ጀማሪዎች ሆነን ነው ወደዚህ መጽሐፍ የምንገባው።

የምለምናችሁ ይህን ነው፤ ቃላቱን በዝርዝር ጽፋችሁ አትሸምድዷቸው። አንድ አጭር መጽሐፍ ያዙና በውስጡ ተዋወቋቸው። ያ መጽሐፍ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልሞና የጻፈው መልእክት ቢሆን እመርጣለሁ። አንድ ምዕራፍ፣ 25 ቁጥሮች ብቻ ነው። ቡናው እስኪፈላ ተነብቦ ያልቃል። በአዲስ ኪዳን ውስጥ ከቲቶ ቀጥሎ፣ ከዕብራውያን በፊት ታገኙታላችሁ።

ለወለጋ ሰው ደግሞ ከአጭርነቱ የሚበልጥ ምክንያት አለ።

በ1850ዎቹ (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ሂካ የሚባል ልጅ ተወለደ። በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት ተሸጠ፤ ከአንዱ ገዢ ወደ ሌላው እየተላለፈም ምጽዋ ደረሰ። በ1870 እዚያው ነፃ ወጣና የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ተቀብሎ አስተማረው። በ1872 ሲጠመቅ አናሲሞስ ተባለ። እናንተ የምታውቁት አናሲሞስ ነሲብ እርሱ ነው። ያ የጥምቀት ስም የተገኘው ከፊልሞና መልእክት ነው። በዚያ መልእክት ጳውሎስ ፊልሞናን ስለ አንድ ባሪያው ይለምናል፤ የባሪያው ስም አናሲሞስ ነው።

አናሲሞስ ነሲብ ወደ ስዊድን ተሻግሮ ተማረ፤ ተመልሶም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ መለሰ። አዲስ ኪዳን በ1893 ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ ታተመ። በ1899 ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ በምትገኘው በቅድስት ክሪሾና በግእዝ ፊደል ታትሞ ወጣ። በዚህ ሥራ አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ከጎኑ ነበረች። እርሷም ለባርነት ተዳርጋ በባሕር ወደ ዓረብ ምድር ስትወሰድ በ1886 የጣሊያን መርከበኞች ያስጣሏት ናት። እምኩሉ ትምህርት ቤት ገብታ ከተማረች በኋላ የአፋን ኦሮሞ ቃላትን ሰብስባ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ የአዲስ ኪዳኑ ትርጉም ሲታረም የተመሳከረው በእርሱ ነው። 500 የሚሆኑ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችንም ከቃል ወደ ጽሑፍ አሰፈረች።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ለጀማሪ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ነው። አዲስ ኪዳኑ በታተመ በዓመቱ፣ በ1894፣ ለጀማሪዎች የሚሆን የንባብ መጽሐፍ ታተመ። ከአስቴር ስብስብ ብዙው የገባው እዚያ ውስጥ ነው። ሁለቱ ሰዎች መጽሐፉን ተርጉመው «በሉ አንብቡ» ብለው አልተቀመጡም። አንባቢው ከእናቱ ጓዳ የሚያውቀውን እንቆቅልሽና ተረት በፊደል ሲያገኘው ማንበብ አይከብደውም፤ ከዚያ ወደ ወንጌሉ ይሻገራል። የሚታወቀው ቀድሞ የማይታወቀውን እጁን ይዞ ያስገባዋል። ጀማሪን ስናስተምር ይህን ሥርዓት ትተን የቃላት ፍቺ በቃል እንዲያጠና ማስገደዳችን ያሳዝነኛል።

በ1904 አናሲሞስና አስቴር ከባልንጀሮቻቸው ጋር ወደ ወለጋ መጡ፤ ትምህርት ቤትም ከፈቱ። አናሲሞስ በ1931 ነቀምቴ ላይ አረፈ፤ አስቴር እስከ 1964 ኖራለች። እንግዲህ የምናወራው በእናንተው አፈር ላይ ስለተሠራ ሥራ ነው።

አሁን መልእክቱን እንክፈት።

አስቀድሞ አድራሻ። መምህሩ «ፊልሞና 1፥16» ሲል የመጀመሪያው የመጽሐፉ ስም፣ ከነጥቦቹ በፊት ያለው ምዕራፉ፣ ከነጥቦቹ በኋላ ያለው ቁጥሩ ነው። ምዕራፍና ቁጥር ጳውሎስ የጻፋቸው አይደሉም። ምዕራፎቹ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ የአዲስ ኪዳን ቁጥሮች ደግሞ በ1551 ፈላጊ ቶሎ እንዲያገኝ የተጨመሩ ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩ ላይ ማቆም ግዴታ የለባችሁም፤ ደብዳቤ ነውና እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ጳውሎስ እስር ቤት ነው። የሚጽፈው ለፊልሞና፣ ለአፍብያ፣ ለአርክጳና በፊልሞና ቤት ላለችው ቤተ ክርስቲያን ነው። የመጀመሪያው ቃላችን እነሆ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን የተባለችው ጉልላትና ደጀ ሰላም ያላት ሕንፃ አይደለችም፤ በአንድ ሰው ቤት የሚሰበሰቡት ምእመናን ራሳቸው ናቸው። በየሰፈሩ በሰው ሳሎን የምትሰበሰቡ ሁሉ ይህን ቁጥር ስታነቡ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳችሁ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ጳውሎስ ፊልሞና ለቅዱሳን ስላለው ፍቅር ያመሰግናል። ቅዱሳን ሲባል ብዙዎቻችን ከብዙ ዘመን በፊት ያረፉትን፣ ሥዕላቸው የሚሳልላቸውን እናስባለን፤ ቤተ ክርስቲያንም በዚያ ትርጉም ትጠቀምበታለች። በዚህ መልእክት ግን የሚናገረው በዚያው ከተማ ስለሚኖሩ፣ ፊልሞና በደግነቱ ስላሳረፋቸው አማኞች ነው። ለእግዚአብሔር የተለዩ ሰዎች ማለት ነው። አንድ ቃል በሁለት ቦታ ሁለት ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ ተማሩ፤ ሁልጊዜም «እዚህ ቦታ ላይ ስለ ማን ነው የሚናገረው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጸጋ የሚለው ቃል መልእክቱን ይከፍተዋል፤ ይዘጋዋልም። በሬዲዮ «የተፈጥሮ ጸጋ» ሲባል የምንሰማው ስለ ማዕድንና ስለ ደን ነው። በአፋን ኦሮሞው መጽሐፍ ቅዱስ ብዙ ጊዜ አያና ተብሎ ታገኙታላችሁ፤ አያና ደግሞ በኦሮሞ ነባር እምነት ውስጥ የራሱ ሰፊ ትርጉም ያለው፣ በዓልም የሚጠራበት ቃል ነው። ስለዚህ ጀማሪው በየትኛውም ቋንቋ ቢመጣ ሌላ ስሜት ይዞ ይመጣል። ፍቺውን ከመንገር ይልቅ መልእክቱ ራሱ ያሳየው። ፊልሞና አናሲሞስን እንዲቀበል የሚገደድበት አንዳች ነገር የለም፤ አናሲሞስም ይገባኛል የሚለው የለውም። ጳውሎስ ማዘዝ እየቻለ መለመንን ይመርጣል። ሳይገባው የተሰጠ በጎነት፣ ያ ነው ጸጋ።

አሁን ወደ ከባዱ ቃል እንምጣ፤ ባሪያ። ይህ ቃል በአገራችን ከመጽሐፍ ተነብቦ የሚታለፍ አይደለም። በኢትዮጵያ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1942 ነው፤ ቃሉ ግን ስድብ ሆኖ እስከ ዛሬ ሰው ያቆስላል። አፋን ኦሮሞውም ገርባ ሲል ክብደቱ ያው ነው። አስተማሪዎች ሆይ፣ እባካችሁ በዚህ ቃል ላይ አትሩጡ፤ ከሚሰሙአችሁ መካከል ቃሉ በቤተሰቡ ታሪክ ውስጥ ያለበት ሰው ሊኖር ይችላል። ጳውሎስ በ16ኛው ቁጥር ፊልሞናን የሚለምነው አናሲሞስን ከእንግዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን ከባሪያ በላይ፣ የተወደደ ወንድም አድርጎ እንዲቀበለው ነው። ይህን ቁጥር ወደ አፋን ኦሮሞ የመለሰው ሰው ራሱ የተሸጠ፣ ስሙም አናሲሞስ የሆነ ሰው መሆኑን እያሰባችሁ አንብቡት። ገርባ እና ኦቦሌሳ የሚሉትን ቃላት ጎን ለጎን ያስቀመጠው ሁለቱንም በሕይወቱ የሚያውቅ ሰው ነበር።

ከ17ኛው እስከ 19ኛው ቁጥር ድረስ ደግሞ ዕዳ አለ። ጳውሎስ፣ አናሲሞስ በድሎህ ወይም ተበድሮህ ከሆነ በእኔ ላይ አስበው ይላል፤ እንደሚከፍልም በገዛ እጁ መጻፉን ይናገራል። ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። ዋስ ሆኖ መፈረም ምን እንደሆነ፣ ጃርሱማ ተቀምጦ የተጣሉትን ማስታረቅ ምን እንደሚጠይቅ የወለጋ ሰው ያውቃል። ጳውሎስ ሽማግሌነቱን ጠቅሶ በሁለት ሰዎች መካከል ይገባል፤ ካሣውንም ከራሱ ኪስ አደርገዋለሁ ይላል። ይህ የገባው ሰው ቆይቶ ዕርቅ፣ ቤዛ፣ ስርየት የሚሉትን ሲያገኝ አይደነግጥም፤ ክርስቲያኖች ስለ ክርስቶስ የሚናገሩት ምን ለማለት እንደሆነ መሠረቱን ይዟል።

በአንዲት መልእክት ውስጥ ምን ያህል ቃል እንዳገኛችሁ እዩ፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዱሳን፣ ጸጋ፣ ባሪያ፣ ወንድም፣ ዕዳ። ወንጌል፣ እምነት፣ ፍቅርና ሰላምም አሉበት። ለመጀመሪያው ወር ይበቃችኋል።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ልጨምር። በአንድ ቤት ውስጥ አባት በፊደል የተጻፈውን፣ በትምህርት ቤት ቁቤ የተማረች ልጅ ደግሞ በላቲን የተጻፈውን መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው መቀመጣቸው በእናንተ ዘንድ የተለመደ ነው። ይህን እንደ ችግር አትዩት። ሁለቱን መጽሐፎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። አባት ቁጥሩን በአማርኛ ያንብብ፤ ልጅ በአፋን ኦሮሞ ትመልስ። ኪዳን የሚለው ለአባት ከባድ ቢሆን ልጅ ካኩ ትለዋለች፤ በመሐላ የጸና ቃል መሆኑ ያኔ ይገባዋል፤ ብሉይ ኪዳንና አዲስ ኪዳን ካኩ ሞፋ እና ካኩ ሃራ መሆናቸውንም ያውቃል። ደብተር ያዙና በአንድ ገጽ አማርኛውን፣ በትይዩው አፋን ኦሮሞውን፣ ከሥሩ ቃሉ የተገኘበትን ምዕራፍና ቁጥር ጻፉ። አድራሻ የሌለው ቃል ቶሎ ይጠፋል።

ለአስተማሪዎች የምለው አጭር ነው። ጀማሪን «ጸጋ ምንድን ነው?» ብላችሁ አትፈትኑት። «ፊልሞና አናሲሞስ በር ላይ ቆሞ ሲያየው ምን የሚሰማው ይመስልሃል?» በሉት፤ በሚቀናው ቋንቋ ይመልስ። ከመለሰ ገብቶታል። የተሳሳተ ቃል ቢጠቀም በሰው ፊት አታርሙት።

ከፊልሞና በኋላ ወደ ማርቆስ ሂዱ፤ 16 ምዕራፎች ያሉት ከአራቱ ወንጌሎች አጭሩ ነው። ቀጥሎ በሉቃስ 18 ላይ ስለ ፈሪሳዊውና ስለ ቀራጩ የተነገረውን ምሳሌ አንብቡ። ዛሬ ፈሪሳዊ ሲባል ግብዝ ብለን ስለምንሰማ ምሳሌው ገና ሳይጀመር ያለቀ ይመስለናል። በዚያ ዘመን ግን ፈሪሳዊው ሕጉን ጠንቅቆ የሚጠብቅ የተከበረ ሰው ነበር፤ ቀራጩ ለሮም መንግሥት ቀረጥ የሚሰበስብ፣ ወገኖቹ የሚጠሉት ሰው። የሰሙት ሰዎች የደነገጡት ጻድቅ ሆኖ ወደ ቤቱ የተመለሰው ያልጠበቁት ሰው ስለነበር ነው። እዚህ ጽድቅ የሚለውን ቃል ታገኛላችሁ፤ በፊልሞና ጸጋን ካወቃችሁ ይህም አይከብዳችሁም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ምረጡ። አንድ ጎረቤት ጥሩ፤ ቢቻል ማንበብ የማይችል ሰውም ይኑር፤ ለእርሱ ሲነበብ እናንተም ትሰማላችሁ። ፊልሞናን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሁለቱም ቋንቋ አንብቡ። ያልገባችሁን ቃል ከነቁጥሩ ጻፉና እሑድ መምህራችሁን ሳታፍሩ ጠይቁ። መምህሩም ካላወቀ አብራችሁ ፈልጉ።

አክባሪያችሁ