ቤት ከመግዛት በፊት ወረቀቱን መመርመር

በአዲስ አበባ ዛሬ ሁለት ሰዎች ተገናኝተው ቡና ሲጠጡ ወሬያቸው ብዙውን ጊዜ ስለ ቤት ነው። ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው የብር የመግዛት ኃይል እየቀነሰ መሄዱን ስለሚያይ፥ ጥሪቱን በግድግዳና በጣሪያ ለማኖር ይሻል። አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። የሚያሳዝነው ግን፥ በግ ለመግዛት ገበያውን ሦስት ጊዜ የሚዞርና ጥርሱንና ላቱን የሚመረምር ሰው፥ የዕድሜ ልክ ድካሙን በሥዕል ብቻ ላየው ፎቅ ባንድ ጧት ፈርሞ መስጠቱ ነው።

በመጀመሪያ ገዢው የሚገዛው ምን እንደ ሆነ ይወቅ። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የከተማ ቦታ የግል ሀብት መሆኑ ቀርቷል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። እንግዲህ የሚገዛው ቤቱና በቦታው የመጠቀም መብት ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የመኖሪያ ቤት ቦታ ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ካርታው በማን ስም ነው? የሊዙ ክፍያ ተከፍሏል ወይ? በባንክ ዕዳ ተይዟል ወይስ በፍርድ ቤት ታግዷል? የነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከደላላ አፍ ሳይሆን፥ ሻጩ ባለበት ከመሬት መሥሪያ ቤቱ ማኅደር መገኘት አለበት።

ሁለተኛው ነገር ውሉ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል። በሠፈር ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት፥ ሽማግሌዎቹ የቱንም ያህል የተከበሩ ቢሆኑ፥ ይህን አይተካም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነም የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 ስለሚከለክል፥ የባልም የሚስትም ፊርማ ይጠየቅ።

ከሁሉ ይልቅ አሳሳቢው ገና ያልተሠራ ቤት መግዛት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ውል የፈረመ ሰው የሚከፍለው ብር ምን ያህል እንደሚያድግ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ የዋጋው አንቀጽ ሁለት ሦስት ጊዜ ይነበብ። ክፍያው በወራት ብቻ ሳይሆን በሥራው ደረጃ ይቈጠር፤ መሠረቱ ሲወጣ ይህን ያህል፥ ጣሪያው ሲያርፍ ይህን ያህል ተብሎ ይጻፍ። ቤቱ የሚሰጥበት ቀን፥ ሠሪው ቢዘገይ የሚከፍለው ካሣና ገዢው ውሉን አፍርሶ ገንዘቡን የሚያስመልስበት መንገድ ካልተጻፈ፥ ተስፋው ሁሉ የቃል ተስፋ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሪል እስቴት ልማትን የሚመለከት አዋጅ አጽድቋል። ሕግ መኖሩ ደግ ነው፤ ነገር ግን ሕግ ስለ ገዢው ሆኖ ውል አያነብም። ለጠበቃ የሚከፈለው ገንዘብ ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነው። ዛሬ ካልፈረሙ ነገ ያልቃል የሚል ሻጭ ሲያጋጥም፥ ያን ቀን አለመፈረም ይሻላል እንላለን። አባቶቻችን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብለዋል፤ የፈሰሰው የልጆች ጥሪት ሲሆን ግን መልሶ ለመልቀምም አይገኝ ይሆናል።