የዒድ ልብስ በብድር?

ረመዷን ሲጋመስ የብዙ አባወራ ሐሳብ ከተራዊሕ ወደ ገበያ ይሸሻል። ልጆቹን ለማልበስ የሚበደር ወንድም እናውቃለን። ለዒድ ካለን ልብስ ጥሩውን መልበስ ሱና ነው፤ አዲስ መግዛት ግን ግዴታ አይደለም። ግዴታው ዘካተል ፊጥር ነው፤ ዐቅሙ ያለው ለራሱና ለሚያስተዳድራቸው፣ በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ እህል፣ ከዒድ ሶላት በፊት ያወጣል። ቤተሰብ ሲበዛ እርሱም ይበዛል።

ስለዚህ መርፌና ክር እናንሳ። የታላቁ ጀለቢያ ከታች ቢያልቅ ተቆርጦ ለታናሹ ይሆናል። የልጅቱ ቀሚስ ቅምቅማት አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ይታጠፍ፤ በከርሞው ዒድ ተተርትሮ ይረዝማል። ይህ የእናቶች ሥራ ብቻ አይደለም፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልብሳቸውን ራሳቸው ይሰፉ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግራናለች።

ለኢፍጣርም ተምርና ውኃ ካለ ሱናው ተገኝቷል። ሳምቡሳ ካማረን ቤት እንሥራው። ምስሩ ሳይፈርስ ተቀቅሎ ውኃው በደንብ ይንጠፍጠፍ፤ አለዚያ ቂጣውን አርሶ ይቀደዳል፣ ዘይትም ይጠጣል። ሽንኩርትና ቃሪያው መጨረሻ ላይ ይግባ። የቂጣው ቁርጥራጭ አይጣል፤ ተጠብሶ ከተራዊሕ መልስ ለልጆች ከሻይ ጋር ይቀርባል። እኛም ቤት ከሳምቡሳው ቀድሞ የሚያልቀው እርሱ ነው።