ፉልባኩንስ ማን ያስታውሰዋል?



ከዚራ ጥላ ሥር ተቀምጦ ስለ ኳስ የማያወራ የድሬዳዋ ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፆች ሁለት ጊዜ ቀድመውን ሳለ ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ እንዳደረገን፣ በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ እንደ ጨመረ፣ መንግሥቱ ወርቁም 4 ለ 2 አድርጎ እንደ ደመደመው፣ አንዱ ሽማግሌ ሲጀምረው ሌላው ይቀበለዋል። የአፍሪካን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ለኮተን የተጫወተ ስለሆነ ድሬዎች ድሉን እንደ ግል ንብረታቸው ይቆጥሩታል። ይቁጠሩት፤ ደግ አደረጉ። ነገር ግን ወሬው ሞቅ ባለበት ሰዓት «ከኋላ የቆሙትስ እነማን ነበሩ?» ተብሎ ሲጠየቅ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። አዋድ መሐመድን፣ አስመላሽ በርሄን፣ ክፍሎም አርአያን የሚጠራ ሰው ጥቂት ነው። ሁለቱን ጎል የቆጠረውን የግብፁን በደዊን ግን ብዙ ሰው ያውቀዋል! ጠላትም ቢሆን ጎል ካገባ ስሙ ይኖራል ማለት ነው።

ይህ የእኛ ሀገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካኖቹ እግር ኳስ ከእኛው ጋር ከስሙ በቀር ዝምድና የለውም፤ ኳሱ ጫፍና ጫፉ የሾለ ነው፣ በእጅም ይያዛል። በዚያ ጨዋታ ከአጥቂው ቡድን አምስት ግዙፋን በግንባር ይሰለፋሉ። ብዙዎቹ ከ130 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ሕጉ በተለመደው አሰላለፍ ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ እንዲቀበሉ አይፈቅድላቸውም። ተግባራቸው ከኋላቸው ያለውን ኳስ ወርዋሪ በገላቸው መከለል ነው። እርሱ ቢመታ ጥፋቱ የነርሱ ነው፤ እርሱ ቢያሸንፍ ፎቶግራፉ የርሱ ነው። ጨዋታው በተጀመረ ቁጥር ግንባራቸውን እየሰጡ ይጋጫሉ፤ ይህም በአንድ ቀን በደርዘን የሚቆጠር ጊዜ ነው።

ከነዚህ መካከል ማይክ ዌብስተር የሚባል ሰው ነበር። ለፒትስበርግ ቡድን በመሀል ቆሞ ኳሱን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ እየሰጠ፣ ወዲያውም እየተጋጨ፣ 15 የውድድር ዓመት ተጫወተ። አራት ጊዜ የሀገሪቱን ትልቁን ዋንጫ አነሣ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ከታላላቆቹ ተርታ ስሙ ተመዘገበ። በዚያው ዘመን ግን ሐሳቡን መሰብሰብ ተስኖት፣ ቤት አጥቶ፣ አንዳንዴ በመኪናው ውስጥ ያድር ነበር። በ2002 በ50 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑን የመረመረው ቤኔት ኦማሉ የተባለ ናይጄሪያዊ ሐኪም ነው። የአፍሪካ ልጅ ሄዶ አሜሪካኖች ሊያዩት ያልፈለጉትን ነገር አሳያቸው፤ ይህን በኩራት እንጽፈዋለን። የዌብስተር አእምሮ በተደጋጋሚ ግጭት ተጎድቶ ተገኘ። ኦማሉ ውጤቱን በ2005 ሲያሳትም የሊጉ ሐኪሞች ጽሑፉ ይሰረዝ ብለው ተከራከሩ። የሊጉ ባለሥልጣን ግንኙነቱን በምክር ቤት ፊት ያመነው በ2016 ነው። የሟቹ ቤተሰብም የጉዳት አበሉን ያስከበረው በፍርድ ቤት ተሟግቶ ነው።

«እኛ ደግሞ የራስ ቁር አንለብስ፣ እንደ በሬ አንጋጭ፤ ምን አገባን?» የሚል ወንድም ይኖራል። እንግዲህ ይስማን። በስኮትላንድ የግላስጎ ሐኪሞች 7,676 የቀድሞ ኳስ ተጫዋቾችን መዝገብ መርምረው ነበር። ተጫዋቾቹ በአእምሮ መድከም በሽታ የመሞታቸው ዕድል ከሌላው ሰው ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል መሆኑን በ2019 አስታወቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ እያንዳንዱ የቆመበትን ቦታ ለይተው ሲያዩ በረኞቹ ከሌላው ሰው ያን ያህል አይለዩም። ተከላካዮቹ ግን አምስት እጥፍ ያህል ሆነው ተገኙ። ከበረኛ የተለጋን ኳስ በቴስታ የሚመልስ ማን ነው? ፉልባኩ ነው። ስሙን የማንጠራው ያው ሰው መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1950ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ዋንጫ ደጋግሞ ወደ ድሬዳዋ የመጣው በሁለት የፋብሪካ ቡድኖች፣ በኮተንና በሲሚንቶ ነው። ከተማይቱ ባቡርና ፋብሪካ የወለዳት ናትና ቡድኖቿም ከዚያው ወጡ። በየካቲት 1968 ዓ.ም. ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር ለአፍሪካ ዋንጫ ምድብ ጨዋታ እዚሁ መጥተው የተጫወቱት ያ ዝና ባለበት ከተማ ነው። ከዚህ ላይ ልናስገነዝብ የምንወደው አንድ ነገር አለ። የፋብሪካ ቡድን በመልካም ጎኑ ሲታይ ተጫዋቹን ከሥራ ጋር ያገናኘው ነበር። ጉልበቱ ሲደክም የሚገባበት በር በቅርቡ ነበረ። የዛሬው ተጫዋች ሥራው ኳስ ብቻ ነው። ደመወዙ ከአባቶቹ እጅግ ይበልጣል፤ ውሉ ግን የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ጉልበቱ ከተሰበረ ውሉ አብሮት ይሰበራል።

በ2011 ዓ.ም. የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተስማምተው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ጣሪያ ለመሥራት የተሰበሰቡ ሰዎች ወለሉን ለምን ረሱት? ብለን እንጠይቃለን። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ በ2003 ዓ.ም. ወጥቶ በ2014 ተሻሽሏል። ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ አበሉ የሚገኘው ቢያንስ 10 ዓመት ላገለገለና 60 ዓመት ለሞላው ነው። በ33 ዓመቱ ጫማ የሚሰቅል ሰው እስከ 60 ሃያ ሰባት ዓመት ምን ይበላል? በየዓመቱ ክለብ ሲቀይርስ መዋጮውን ማን ይከታተልለታል? ደመወዝ ለወራት ሳይከፈል ሲቀር ዜናው የሚሰማው ኮከቡ አጥቂ ሲያኮርፍ ነው። ፉልባኩ ቢያኮርፍ ማን ያያል?

ተጫዋቾች ሁሉ ይበልጽጉ ማለታችን አይደለም። ለአንድ ተጫዋች በወር 50,000 ብር ሲከፈል መምህራችን ምን እንደሚያገኝ እናውቃለን፤ ይህም ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው። የምንለው፣ በአደባባይ ስሙን ስንጮኽለት ወይም ሳንጮኽለት ገላውን የሚሸጥልን ሰው፣ ገላው ሲያልቅ ብቻውን አይቅር ነው።

በበኩላችን ከዩኒቨርሲቲያችን ሊጀመር የሚችል ሥራ እናያለን። የሕግ ተማሪዎች ለከተማችን ተጫዋቾች ውላቸውን ከመፈረማቸው በፊት ያንብቡላቸው፤ የጡረታ መዋጮ፣ የሕክምና ወጪ፣ ጉዳት ሲደርስ የሚቀጥል ደመወዝ በወረቀቱ ላይ ይኑር። የሕክምና ተማሪዎች በየጨዋታው ሜዳ ተገኝተው ራሱን የተመታ ተጫዋች ተመርምሮ ሳይፈቀድለት እንዳይመለስ ከክለቡ ጋር ይነጋገሩ። ውኃ ረጭቶ «ተነሥ፣ ወንድ አይደለህም ወይ?» ማለት ሕክምና አይደለም። በደቻቱ አሸዋ ላይና በሳቢያን ሜዳ የሚጫወቱ ሕፃናት የቴስታ ልምምዳቸው እንዲቀነስ አሠልጣኞች ይመከሩ፤ እንግሊዞችና ስኮትላንዶች ለልጆቻቸው ይህን ከ2020 ጀምረው አድርገውታል።

ሌላው አስቸኳይ ነው። ሉቻኖ ቫሳሎ በ2022 በጣልያን ሀገር አረፈ። ከኮተንና ከሲሚንቶ ቡድን የነበሩ ሽማግሎች ቁጥራቸው በየዓመቱ ይቀንሳል። የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ድምፅ መቅጃ ይዘው ወደየቤታቸው ይሂዱ፤ መጀመሪያም ከኋላ ይጫወቱ የነበሩትን ይፈልጉ። ለዚህ ሥራ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት በተከፈተው ደብተር ላይ ስሙን ያስመዝግብ። የሰነፈ ሰው ስም ግን አንቀበልም፤ በዚህ ከተማ ሙቀት በእግር ብዙ መሄድ አለበት።