የግድቡ ዓሣ የማን ዕዳ ነው?

ግድብ ሲመረቅ የሚወራው ሜጋ ዋት ነው። ስንት ተርባይን እንዳለው፣ ስንት ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃ እንደሚይዝ ልጅ አዋቂው ይሸመድደዋል። ዓሣው ግን «ለዓሣ ሀብትና ለቱሪዝምም ይውላል» በሚል አንድ መስመር ይታለፋል። ራሱ መጥቶ ራሱ የሚራባ፣ ማንም የማይከፍልበት ምርቃት ተደርጎ ይታሰባል።

ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ብራንሰን ከተማ አጠገብ ያለው የታኒኮሞ ሐይቅ ጥሩ ማሳያ ነው።

ታኒኮሞ እ.ኤ.አ. በ1913 በዋይት ወንዝ ላይ ለኤሌክትሪክ በተሠራ ግድብ የተፈጠረ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ለ45 ዓመታት ያህል ለብ ያለ ውኃ የሚወዱ ዓሦች ሲኖሩበት ቆየ። በ1958 ግን ከበላዩ ቴብል ሮክ የተባለ ትልቅ ግድብ ተጠናቀቀ። የዚህ ግድብ ተርባይኖች ወደ ታኒኮሞ የሚለቁት ውኃ የሚመጣው ከላይኛው ሐይቅ ጥልቀት፣ የፀሐይ ሙቀት ከማይደርስበት ነው። በሐምሌ ሐሩር እንኳ እጅ ያደነዝዛል። ነባሮቹ ዓሦች በዚያ ብርድ እንደ ቀድሞው ሊኖሩ አልቻሉም።

እዚህ ላይ የሆነው ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ግድቡን የሠራው የአሜሪካ ጦር የምሕንድስና ኮር ከግድቡ ሥር የዓሣ ማራቢያ ጣቢያም ሠራ። የግዛቲቱ የጥበቃ መሥሪያ ቤት ተረክቦ ትራውት የተባለውን የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ እያራባ ወደ ሐይቁ ይጨምራል። ትራውት የሚዙሪ ተወላጅ አይደለም፤ በታኒኮሞም በበቂ ሁኔታ አይራባም። ጣቢያው ሥራውን ቢያቆም ዓሣው ይመናመናል።

ዛሬ ዓሣ አጥማጆች ከግድቡ ግርጌ ጉልበታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው፣ ከላባና ከክር የተሠራች ሰው ሠራሽ ዝንብ በቀጭን ገመድ ይወረውራሉ። ተርባይን ሊነሳ ሲል ጥሩምባ ይነፋል፤ የሰማ ወደ ዳር ይወጣል። በ2019 ከዚህ ሐይቅ 18 ኪሎ ያለፈ ቡናማ ትራውት ወጥቷል።

ይህ የተፈጥሮ ቸርነት ብቻ አይደለም። ከግድቡ በታች ባሉት የመጀመሪያዎቹ 5 ኪሎ ሜትሮች ገደማ የተፈጥሮ ማጥመጃ ምግብ መጠቀም ክልክል ነው። እዚያ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ቀስተ ደመና ትራውት የያዘ ሰው ወደ ውኃው ይመልሰዋል። ትራውት ይዞ ለመሄድ ለብቻው ፈቃድ ይገዛል። የሚዙሪ መራጮችም በ1976 የአንድ በመቶ አንድ ስምንተኛ የሆነ የሽያጭ ታክስ ለተፈጥሮ ጥበቃ እንዲውል በድምፃቸው ወስነዋል። ዓሣው ደንብም፣ ጠባቂም፣ ከፋይም አለው።

ወደ አገራችን እንምጣ። ቆቃ፣ ፊንጫ፣ ተከዜ፣ ግልገል ጊቤ 3 እያልን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁን የሕዳሴ ግድብ አስመርቀናል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃ የሚይዘው ንጋት ሐይቅ ከተርባይን ባሻገር የመረብና የጀልባ ሥራም ይዞ መጥቷል። ታዲያ የንጋትን ዓሣ የሚቆጥረው፣ በመራቢያው ወቅት የሚጠብቀው፣ ከግድቡ በታች ላለው ዓሣ የሚጠየቀው ማነው? ወጪውስ በየትኛው በጀት ላይ ተጽፏል?

«የአሜሪካኖቹ መዝናኛ ነው፤ የእኛ ሰው የሚያጠምደው ሊበላና ሊሸጥ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ግን ክርክሩ ለማን ያደላል? ለመዝናኛ ይህን ያህል ደንብና ገንዘብ ከተመደበ፣ የቤተሰብ እንጀራ ለሆነው ዓሣማ የበለጠ ይገባዋል። በውኃው ላይ መረብ ሲበዛ መጀመሪያ ባዶ እጁን የሚመለሰው ሌላ ሥራ የሌለው አስጋሪ ነው።

ትራውት አምጥተን ንጋት ውስጥ እንጨምር ማለት አይደለም። ዓባይ የራሱ ቀረሶና አምባዛ አለው፤ ባዕድ ዓሣ መጨመር ነባሩን ሊጎዳ ይችላል። ከታኒኮሞ መወሰድ ያለበት ዓሣው ሳይሆን ሒሳቡ ነው።

ሕጉ ባዶ አይደለም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚያስፈልገው አዋጁን በየግድቡ ደጃፍ የሚያውል አሠራር ነው። ከኤሌክትሪኩ ገቢ ጥቂቱ ለዓሣው ጥናትና ጥበቃ በሕግ ይመደብ። የዓሣው ሁኔታ በየዓመቱ ተጠንቶ ለሕዝብ ይነገር። ደንቡ ሲወጣ ከላይም ከታችም ያሉ አስጋሪዎች በስብሰባው ይቀመጡ፤ ደንብ የሚከበረው ያወጣው ሰው ሲጠብቀው ነውና።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ንጋት ገና አዲስ ሐይቅ ነው። ልማዱም ደንቡም የሚተከለው አሁን ነው። አስጋሪው ከለመደ፣ ነጋዴው ከሰፈረ፣ ዓሣውም ካነሰ በኋላ የሚመጣ ደንብ ግን የሚያገኘው ዓሣውን ሳይሆን ጠቡን ነው።