ለቆላ ኬላ የቆላን አየር የሚችል ክሪስታል ይገዛ

ከፖርት ሱዳን ተነስቶ በከሰላ በኩል የሚመጣው አስፋልት በሾዋክ አልፎ ገዳሪፍ ይደርሳል፤ ከዚያም በገላባት አድርጎ መተማ ይገባል። የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ከተዘረፈ ሆስፒታል ወይም ፋብሪካ የወጣ ብረት በዚህ መስመር ሊጫን ይችላል ብሎ መጠርጠር ሟርት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚሏ ጎያኒያ ከተማ ከተተወ የካንሰር ሕክምና ተቋም የተወሰደ መሣሪያ በብረት ለቃሚዎች እጅ ተፈታ። በውስጡ የነበረው ጨረር አመንጪ ሲዚየም 137 አራት ሰው ገደለ።

ስለዚህ መተማን የመሰለ ኬላ ጨረር መለያ መሣሪያ ያስፈልገዋል። የዝግጅት ክፍላችን ጥያቄ የትኛው ይገዛ የሚለው ነው።

መልሱ ያለው መሣሪያው ውስጥ ባለው ክሪስታል ነው። ጋማ ጨረር ክሪስታሉን ሲመታ ጉልበቱን ይተውለታል፤ በጥቂቱ የተጨመረበት እንደ ታሊየም ያለ ንጥረ ነገር ይህን ጉልበት ወደ ብርሃን ይለውጠዋል። የብርሃኑ መጠን ከጨረሩ ጉልበት ጋር ስለሚመጣጠን፣ ፈታሹ ጨረር መኖሩን ብቻ ሳይሆን ከምን እንደመጣም ያውቃል። በማዳበሪያ ውስጥ የሚገኘው ፖታሲየም 40 በ1,460፣ አደገኛው ሲዚየም 137 ደግሞ በ662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ይታያል።

የፊዚክስ ሊቁ ሮበርት ሆፍስታድተር እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቀው ሶዲየም አዮዳይድ ዋጋው ቀላል፣ ብርሃኑም ጥሩ ነው፤ ለአንድ ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት 38,000 ያህል ፎቶን ይሰጣል። ነገር ግን እርጥበት ይስባል፤ እሽጉ ከተከፈተ ቢጫ ይሆናል። ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ይሰነጥቀዋል፤ ሙቀት ሲበረታም ብርሃኑ ይቀንሳል። የከፋው ነገር፣ የተጎዳ መሣሪያ ዝም አይልም። መቁጠሩን ይቀጥላል፤ 662 ላይ መታየት የነበረበት ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ፈታሹም የተሳሳተ ስም አንብቦ መኪናውን ያሳልፋል።

ታሊየም የገባበት ሲዚየም አዮዳይድ 54,000 ያህል ፎቶን ይሰጣል። እርጥበት የሚስበው በጥቂቱ ነው፤ ቢንገላታም በቀላሉ አይሰነጠቅም። 550 ናኖሜትር አካባቢ የሚወጣው ብርሃኑ ለትንንሽ የሲሊከን ዳሳሾች ይመቻል። ብርሃኑ የሚጠፋው ቀስ ብሎ፣ በአንድ ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው፤ ሆኖም ይህ የጨረር ብዛት ላለበት ቤተ ሙከራ እንጂ ለኬላ እንቅፋት አይሆንም። ላንታነም ብሮማይድ ከሁለቱም አጥርቶ ይለያል፤ ግን ውድ ነው፤ እርጥበት አይችልም፤ ራሱም ጥቂት ጨረር አለው።

ፍርዳችን ይህ ነው። በፈታሹ እጅ የሚያዘው መሣሪያ ሲዚየም አዮዳይድ ይሁን። ሶዲየም አዮዳይድ ጥላና የተመጠነ ሙቀት ባለው ክፍል፣ ላንታነም ብሮማይድ በቤተ ሙከራ ይቀመጥ። ዋጋው ይወደዳል የሚል ክርክር እንደሚነሳ እናውቃለን፤ ነገር ግን በአንድ ክረምት የሚበላሽ መሣሪያ ርካሽ አይባልም።

የጉምሩክ ኮሚሽንና የኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን በጨረታ ሰነዳቸው ላይ የክሪስታሉን ዓይነትና የሚችለውን ሙቀት ይጻፉ። እያንዳንዱ ፈረቃ ሥራ ሲጀምር መሣሪያው በታወቀ የጨረር ምንጭ ይፈተሽ፤ ውጤቱም ይመዝገብ። ይህን ያላሟላ ግዥ ሊጸድቅ አይገባም።