መርከቧ ስትሄድ ማን ይቀራል?

በ1964 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ሆፕ» የተባለች ነጭ የሆስፒታል መርከብ ከጊኒ ዋና ከተማ ከኮናክሪ ወደብ ደረሰች። የስሟ ትርጉም ተስፋ ማለት ነው። ቀድሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ንብረት የነበረችውን ይህችን መርከብ ለበጎ አድራጎት ያዋሏት ዶክተር ዊልያም ዎልሽ ናቸው። እስከ 1974 ዓ.ም. ድረስ በእስያ፥ በአፍሪካና በላቲን አሜሪካ ወደቦች እየዞረች ሕሙማንን ስታክም፥ ሐኪሞችንና ነርሶችንም ስታስተምር ኖረች።

ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አለፈ። በ2012፥ እንደገናም በ2018 ዓ.ም. «አፍሪካ መርሲ» የተባለች ሌላ የበጎ አድራጎት መርከብ ከዚያው ወደብ ቆመች። ኦፐራሲዮን የሚጠብቀው ሕዝብ አሁንም ብዙ ነበር። ይህ ለምን ሆነ?

ጥያቄውን የምናነሣው መርከቦቹን ለመውቀስ አይደለም። በልጅ እጅ እየተመራ ወደ መርከቧ የወጣ ዓይነ ስውር፥ የዓይኑ ሞራ ተገፎለት ልጁን እያየ ሲወርድ፥ ይህን ሥራ የሚያቃልል ልበ ደንዳና ብቻ ነው። ከሐኪሙ እስከ ወጥ ቤቱ አብዛኞቹ ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ፤ የመኖሪያቸውን ወጪ እንኳ ከኪሳቸው ይከፍላሉ። ምስጋና ይገባቸዋል።

ነገር ግን መርከብ የምታክመው ቀጠሮ የሚጠብቀውን በሽታ ነው። የተሰነጠቀ ከንፈር፥ የተጣመመ እግር፥ ለብዙ ዓመት ያደገ እጢ ወራት ቢቆይ ይታገሣል። ከወደብ ርቃ በምትኖር ገጠር ምጥ የጠናባት እናት ግን እስከ ነገ እንኳ አትቆይም። «ሳይደርቅ በርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የቀዶ ሕክምናን ጉዳይ ያጠና ዓለም አቀፍ ጉባኤ በ2015 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፥ አስተማማኝና ከአቅም ያልበለጠ ቀዶ ሕክምና የማያገኘው ሕዝብ አምስት ቢሊዮን ያህል ነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ የትኛው መርከብ ይጭነዋል?

ሌላም የምንማረው አለ። ሐኪሙ ቢላዋውን ብቻ ይዞ አልመጣም። መብራቱን፥ ንጹሕ ውሃውን፥ ኦክሲጅኑን፥ የዕቃ መቀቀያውን ሁሉ ከነመርከቧ ይዞ መጣ። ደም ሲያስፈልግ ከመርከቧ ሠራተኞች ይቀዳል። እንግዲህ መብራት በሚጠፋበት፥ ኦክሲጅን በሌለበት ሆስፒታል የተመደበ ወጣት ሐኪም ሕመምተኛው ቢሞትበት፥ ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነውን?

የባሕር ጠረፍ የሌላት አገራችንም በዚህ ረገድ የምታሳየው ምሳሌ አላት። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ በ1959 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጡ፤ እንደ እንግዳም ተመልሰው አልሄዱም። በ1974 ዓ.ም. የፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። በሽተኛ ሆነው ወደ እነርሱ የመጡት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ፥ የቀለም ትምህርት ሳይኖራቸው ቀዶ ሕክምናውን ከሐኪሞቹ እጅ ተምረው እሳቸው ራሳቸው ሴቶችን የሚያድኑ ሆኑ፤ ከውጭ የመጡ ሐኪሞችንም አሠለጠኑ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ፤ ፊስቱላ የሚጀምረው አዋላጅ በሌለበት ነውና። ዶክተር ካትሪን በ2020 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥራው አብሯቸው አልተቀበረም።

ስለዚህ የማንኛውም ርዳታ መለኪያው ስንት ሰው አዳነ የሚለው ብቻ ሳይሆን፥ ከሄደ በኋላ የማን እጅ ይሠራል የሚለውም ጭምር ነው።

ይህ ለሕክምና ተማሪዎች ብቻ የተነገረ አይመስለን። የኦክሲጅኑን መሣሪያ የሚጠግነው መሐንዲስ፥ በጀቱን የሚያወጣው የኢኮኖሚ ተማሪ፥ ነርሷን የሚያስተምረው መምህር ሁሉም ከኦፐራሲዮኑ ጠረጴዛ ዙሪያ የቆሙ ናቸው። መምህሮቻችንም ትምህርታችን ከከተማ ሆስፒታል ግቢ ወጥቶ ወደ ገጠር እንዲደርስ መንገዱን ያሳዩን ዘንድ እንጠይቃለን። መርከብ መጥታ ትሄዳለች። እኛ ግን የምንሄድበት ሌላ ወደብ የለንም።