የፈራው ዳኛ፣ የተፈራው ዕዳ ከፋይ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሹም ወይም አንድ ርዕሰ መምህር ይፈራል። ምን አይተህ ነው የፈራኸው ብሎ የሚጠይቀው የለም። ነገሩን አላጣራም፣ አልመረመረም፤ ብቻ ፈራ። ከዚያ ፍርሃቱ «የፀጥታ ስጋት» የሚል ካባ ይደርብና ትዕዛዝ ሆኖ ይወጣል። ትዕዛዙ ተማሪ ያባርራል፣ መምህር ያግዳል፣ ፖሊስ ይጠራል። በኋላ ስጋቱ ባዶ ሆኖ ሲገኝስ? ሰውዬው ወንበሩ ላይ ነው። ደመወዙ አልተነካም፣ ይቅርታም አልጠየቀም። የከፈለው የተፈራው ልጅ ነው! ለመሆኑ ይሄ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

እስቲ ከሩቅ እንጀምር፤ ከራስ ጉድ የሰው ጉድ ማውራት ይቀላልና። (ዘመኑ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።) መስከረም 3 ቀን 2008 በአሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ኢርቪንግ በምትባል ከተማ፣ የ14 ዓመት ሙስሊም ተማሪ ቤቱ የገጣጠመውን ዲጂታል ሰዓት ለመምህሩ ለማሳየት ትምህርት ቤት ይዞ ሄደ። አባቱ ከሱዳን የሄደ ስደተኛ ነው። አንዲት መምህርት ዕቃው ቦምብ መሰላት። ፖሊስ ተጠራ። ልጁ «ሰዓት ነው» ቢል ማን ይስማው! እጁ በካቴና ታስሮ ተወሰደ፤ ለ3 ቀን ከትምህርት ታገደ። በኋላ ፖሊስ ክስ የለብህም አለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ትምህርት ቤቱ ዕቃው ቦምብ ነው ብሎ ከልቡ ፈርቶ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚያደርገው ምን ነበር? ተማሪውን በሙሉ ከግቢ ማስወጣት! ማንም አልወጣም። ትምህርት እንደ ወትሮው ቀጠለ። ዕቃውም በዚያው በሕንፃው ውስጥ ቆየ። እንግዲህ የተፈራው ሰዓቱ ነው ወይስ የልጁ ስም? መልሱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ያ ሁሉ ጫጫታ ሲያበቃ ማን ከፈለ? ቤተሰቡ በዚያው በ2008 ጥቅምት ላይ አገር ጥሎ ወደ ኳታር ሄደ። ክስ ቢመሠርቱም ፍርድ ቤት በ2009 ውድቅ አደረገባቸው። ትምህርት ቤቱ «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ብሎ ቀረ። ፕሬዚዳንት ኦባማ ልጁን ሰዓትህን ይዘህ ዋይት ሐውስ ና ማለታቸው ደግ ነው፤ ግን የፕሬዚዳንት ግብዣ ካቴናን ከልጅ ትዝታ አያወልቅም።

«ይሄ የአሜሪካን ጉድ ነው» ብሎ የሚስቅ ካለ ሳቁን ይሰብስብ። የእኛው ከዚያ ይከፋል። እዚያ የታሰረው አንድ ልጅ ነው። እዚህ ግን አንድ ትምህርት ቤት ነው የታሰረው!

አወሊያን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ትምህርት ቤት ነው፣ መስጊድም አለው። ኢህአዴግ «አክራሪነት» የሚል መነጽር አድርጎ ሲያየው ግን ትምህርት ቤት መሆኑ ጠፋበት። በ2003 ሐምሌ ላይ በመንግሥት ድጋፍ የአህባሽ አስተምህሮ ሥልጠና በሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። መንግሥት እጁን በእምነት ጉዳይ ውስጥ እንዳያስገባ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 በግልጽ ከልክሎታል፤ ማን ያንብበው! አወሊያ በመጅሊሱ እጅ ገባ፣ የአረብኛ መምህራን ተባረሩ። በ2004 ጥር ላይ ተማሪዎቹ ተቃውሞ አሰሙ።

ጥያቄያቸው ምን ነበር? ሦስት ነው። አንደኛ፣ አህባሽ በግድ አይጫንብን። ሁለተኛ፣ የመጅሊሱን አመራር በነፃነት እንምረጥ። ሦስተኛ፣ አወሊያ ነፃ በሆነ ቦርድ ይተዳደር። እስቲ ከነዚህ ውስጥ ፈንጂ ያለው የትኛው ነው? ሕዝቡ 17 ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ መርጦ ከመንግሥት ጋር እንዲነጋገሩለት ላከ። መነጋገር የፈለገ ሰው ተወካይ ይልካል፤ ሊያፈነዳ የፈለገ ሰው ተወካይ አይልክም።

የተሰጠው መልስ ግን ሌላ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 2004 ፖሊስ አወሊያ ገባ። መስኮት ተሰበረ፣ መስጊድ ውስጥ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ። ቀጥሎ ኮሚቴዎቹ ታሰሩ። በ2005 ጥቅምት በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰሱ። ችሎቱ ገና ምስክር እየሰማ ሳለ፣ ጥር 28 ቀን 2005 ኢቴቪ «ጂሃዳዊ ሐረካት» የሚል ፊልም ለቀቀባቸው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ይላል። ኢቴቪ ግን ከዳኛው ቀድሞ ፈረደ! ሐምሌ 27 ቀን 2007 ደግሞ ፍርድ ቤቱ 18 ሰዎችን ከ7 እስከ 22 ዓመት ፈረደባቸው።

ከዚያስ? ከዚያማ አስቂኙ፣ አስለቃሹም ይመጣል። ገሚሱ በይቅርታ ወጡ፤ የመጨረሻዎቹ በ2010 ተፈቱ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ ፓርላማ ቆመው፣ ሰው ማሰቃየትና ጨለማ ቤት ማሰር የእኛ የመንግሥት የሽብር ሥራ ነው አሉ። ትናንት «አሸባሪ» ተብለው ከታሰሩት ኮሚቴዎች አንዳንዶቹ የሙስሊሙን ጉዳይ ለመፍታት በተቋቋመው ኮሚቴ ውስጥ ወንበር ተሰጣቸው። በ2012 የሽብር አዋጁ ተሽሮ በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተተካ። በዚያው ዓመት መጅሊሱ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ተማሪዎቹ በ2004 ሲጮሁ የመጅሊሱን ጉዳይ አስተካክሉ ነበር ያሉት፤ መንግሥት ከ8 ዓመት በኋላ ያንኑ ጉዳይ አዋጅ አወጣበት። ታዲያ በመሃል የጠፋው የእስር ዘመን፣ የተቋረጠው ትምህርት፣ የተባረረው መምህር እንጀራ በማን ይወራረድ? ያን ጊዜ «ስጋት አለ» ብሎ ሪፖርት የጻፈው ካድሬስ የት ነው? ማንም ጠርቶ አልጠየቀውም!

አሁን አንዱ ተነስቶ «ታዲያ ስጋት የለም ልትል ነው?» ይለኛል። አለ እንጂ! ዓይናችን አይቷል። መጋቢት 24 ቀን 2007 አልሸባብ ኬንያ ውስጥ ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ 148 ሰው ገደለ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ጋሪሳ የሚያስተምረው ግን የእኛ ሹማምንት ከሚሰብኩት ተቃራኒውን ነው። ጥቃት ሊመጣ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። በሩ ላይ በቂ ጥበቃ አልቆመም። ልዩ ኃይሉ ከናይሮቢ ለመድረስ ሰዓታት ፈጀ። የጎደለው ጥበቃ፣ መረጃና ፍጥነት ነበር እንጂ የሙስሊም ተማሪ ሻርፕ መፈተሽ አልነበረም።

ደግሞ ገዳዮቹ ምን እንዳደረጉ አስታውሱ። ተማሪውን በሃይማኖት ለዩት፤ ክርስቲያኑን ለይተው ገደሉ። በሃይማኖቱ ተማሪ መለየት የአልሸባብ ዘዴ ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ «አንቺ ግቢ፣ አንቺ ውጪ» የሚል ጥበቃ መሣሪያ ባይዝም ያንኑ ዘዴ እየሠራበት ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እሺ፣ እባብ ያየውስ ይሁን። የእኛዎቹ እኮ እባቡንም አላዩ! ልጡን ብቻ ነው የሚቀጠቅጡት።

ይሄ በሽታ ከኢህአዴግ ጋር አብሮ ተቀበረ የሚል ካለ አክሱምን ይመልከት። በ2017 የአክሱም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎችን አናስገባም አሉ። እዚህ ላይ ምክንያቱ «ፀጥታ» ሳይሆን «ደንብ» ተባለ፤ ካባው ተቀየረ እንጂ ሥራው ያው ነው። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት እንደገለጸው 159 ሴት ተማሪዎች ለ12ኛ ክፍል ፈተና መመዝገብ ሳይችሉ ቀሩ። ጥር ላይ ፍርድ ቤት ክልከላውን ለጊዜው አገደ፤ መቀሌ ላይ ሰልፍ ወጣ። የመጀመሪያዎቹን ሙስሊም ስደተኞች ተቀብሎ ባስጠለለው ንጉሥ ከተማ፣ የከተማዋ ልጅ በገዛ ትምህርት ቤቷ በር ላይ ስደተኛ ሆነች! አስራ ሁለት ዓመት የተማረች ልጅ ፈተናዋ ሲያልፋት፣ የከለከላት ሰው ምን አለፈው? ምንም!

ክርስቲያኑ ወገኔ ይህን አንብቦ «የእነሱ ጉዳይ ነው» ብሎ ገጹን እንዳይገልጥ አደራ። ነግ በእኔ ነው። በደርግ ዘመን «ጴንጤ» የተባለው ወጣት የኢምፔሪያሊዝም ወኪል ተብሎ ይታሰር፣ ቤተ ክርስቲያኑም ይታሸግበት ነበር። በ2015 የነነዌ ጾም ሰሞን ደግሞ የኦርቶዶክስ ምዕመናን ጥቁር በመልበሳቸው ብቻ ሲዋከቡ አይተናል። ጨርቅ ነው የተፈራው! አንዴ ሻርፕ፣ አንዴ ጥቁር ቀሚስ። የሚፈራ መንግሥት ተራ ነው የሚያስጠብቀው፤ ማንንም አይምርም።

እንግዲህ ምን ይደረግ ነው የምትለው ብትሉኝ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ፖሊስ ትምህርት ቤት የሚገባው የተሠራ ወይም ሊሠራ የተሰናዳ ወንጀል ሲኖር፣ አደጋው ደራሽ ካልሆነ በቀር ደግሞ የፍርድ ቤት ወረቀት ይዞ ይሁን፤ የተማሪው ስም፣ ጢምና ልብስ ማስረጃ አይባልም። ሁለተኛ፣ ተማሪ ከበር የሚመልስ ርዕሰ መምህር የትኛውን ሕግ ጠቅሶ እንደመለሰ በዕለቱ ፈርሞ ይስጥ። በቃል የሚባረር ተማሪ አይኑር። በጽሑፍ የማይደፈር ትዕዛዝ በሕግ የማይቆም ትዕዛዝ ነው። ሦስተኛ፣ ስጋቱ ባዶ ሆኖ ሲገኝ የፈራው ይክፈል። ልጁ ያመለጠው ፈተና ይመለስለት፣ የተቆረጠው የመምህር ደመወዝ ይከፈለው፣ ያባረረውም ሹም ተጠርቶ ይጠየቅ።

ሦስተኛው ነው ዋናው። ፍርሃት ነፃ ሸቀጥ እስከሆነ ድረስ ሹም ሁሉ ያነሳዋል። ዋጋ ሲለጠፍበት ያን ጊዜ ታያላችሁ፤ «ስጋት አለ» ከማለቱ በፊት ሁለቴ ያጣራል፣ ልጁንም ቁጭ አድርጎ ይጠይቃል፣ ሰዓቱንም ገልብጦ ያያል።

ትምህርት ቤት ልጅ ስለ አገሩ መጀመሪያ የሚማርበት ቦታ ነው። በሩ ላይ «አንተን እንፈራሃለን» ከተባለ ውስጥ ገብቶ የሚማረው የዜግነት ትምህርት ሁሉ ውሸት ይሆንበታል። አገር ያላመነችውን ልጅ ነገ እመነኝ ብላ ብትለምነው በምን አንደበቷ? ልብ ያለው ልብ ይበል!